ጥርስ ባዳ ነው፦ ሰውን የሚያስቁ ልጆቻችንና የማናየው ጭንቀታቸው



«ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ልብ እያዘነ፣ ሆድ እየተቃጠለ ጥርስ ግን ይስቃል ማለታቸው ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣ የፈለግነው ይህ አባባል በየቀኑ ስለሚደርስባቸው ልጆቻችን ነው። እነርሱም በቴሌቪዥን ሰውን ማሳቅ ሙያቸው ያደረጉ ወይም ለማድረግ የሚደክሙ ወጣቶች ናቸው። ሲያስቁን እናያቸዋለን፤ ካሜራው ከመብራቱ በፊት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አናያቸውም።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን «የቤት ችግር፣ የትምህርት ቤት ችግር፣ የፖሊስ ዱላ እያለ ስለ ቀልድ ልታወሩን ነውን?» ብለው እንደሚጠይቁን እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው። በዚህች አገር ብዙ ሰው አንድ ቀን እንኳ ከእኛ ቤት ገብቶ ቡና ሳይጠጣ ስለ እኛ ብዙ የሚያውቅ ይመስለዋል። ያወቀውም ከቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ያሳየን በዜና ሰዓት ነበር፤ ከአውሮፕላን ስንወርድ፣ ሰልፍ ስንወጣ፣ በቀብር ላይ ስናለቅስ። እንደማንኛውም ቤተሰብ ተጣልተን ስንታረቅ፣ አማታችንን ስንፈራ፣ የቤት ዕዳ ስንቆጥር፣ ስንስቅና ስናስቅ ያየን ጥቂት ነው። ይህን ሊለውጡ የሚችሉት የሚጽፉና የሚጫወቱ ልጆቻችን ናቸው። ስለዚህ የእነርሱ ጤንነት የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን አንድ ታሪክ አለ። ልጅቱ ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም፣ የሠራችበትንም ጣቢያ አንጠራም።

ወላጆቿ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ መጥተዋል። እሷ የተወለደችው እዚሁ አገር ነው። ወታደርነቷን ከጨረሰች በኋላ የተዋናይነት ትምህርት ተማረች። ማታ ምግብ ቤት እያስተናገደች፣ ጠዋት የሰው ልጅ እየጠበቀች ለሦስት ዓመት ያህል ከኦዲሽን ኦዲሽን ተንከራተተች። በመጨረሻም በአንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ሆና እንድትጫወት ተቀበሏት። «ትንሽ ናት፤ በር ግን ናት» ብላ ተቀበለች። በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን «ዕብራይስጥሽ በጣም ጥሩ ነው፤ ሰበር አድርጊው» ተባለች። እዚህ የተወለደች ልጅ የሚሰበር ዕብራይስጥ ከየት ታመጣለች? የአያቷን አነጋገር ወሰደችና ተናገረች። የቀረጻው ክፍል በሳቅ ሞላ፤ እሷም አብራ ሳቀች። በዚያች ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። «አያቴን የሸጥኳት መሰለኝ» ስትል ነገረችን።

ፕሮግራሙ ከታየ በኋላ የሆነው ከዚያ የባሰ ነው። በሠርግ ላይ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጠርተው «ልጄ፣ እኛ በረሃ አቋርጠን የመጣነው ለዚህ ነውን?» አሏት። የአክስቶቿ ልጆች ስልክ ደውለው አዋረድሽን አሏት። እኛም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። እኛ ስለ ወገናችን ክብር እንታገላለን የምንል ሰዎች ለጣቢያው ጠንካራ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈን ፊርማ አሰባስበን ላክን። ደብዳቤው የተናገረው እውነት ነበር። ነገር ግን ከመላካችን በፊት ልጅቱን ደውለን «አንቺ ምን ትያለሽ? ምን ደረሰብሽ?» ብለን አልጠየቅናትም። ጣቢያውስ ምን አደረገ? የጽሑፉን ሰዎች አልለወጠም፤ ገጸ ባሕሪዋን አወጣት። ችግሩን ያስወገዱት እሷን በማስወገድ ነበር። ለጻፈው ሰው የታሰበው ጥይት የመታው ተላላኪዋን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ኦዲሽን ተጠራች። መኪናዋን አቆመች፤ በሩን ከፍታ መውረድ ግን አቃታት። ልቧ ደለቀ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፣ የምትሞት መሰላት። ወደ ቤቷ ተመለሰች። እናቷ «ምን ሆንሽ ልጄ?» ቢሏት «ሆዴን አመመኝ» አለች። እናት ጤና አዳም አፈሉላት። ሐኪሙ ሆዷን እንድትመረመር ላካት፤ ምርመራው ምንም አላገኘም። «የፈራሽው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃት ሰው እስኪገኝ ብዙ ጊዜ አለፈ።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ሙያ ለእኛ ሰው የማይሆን ነው ለማለት ይህን ታሪክ አላመጣነውም። ለእኛም እንደሚሆን ታይቷል። ዮሲ ዋሳ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ ወደ ሱዳን ከተጓዙት አንዱ ነው። በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተማረ። ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የቤተሰቡን ታሪክ እያሳቀ የሚተርክበትን «በአማርኛ ሲሆን ያምራል» ለማለት የሚቀርብ ስም ያለው ትርዒት በዚህም አገር በውጭም አሳየ። ከብዙ ዓመታት የመድረክ ሥራ በኋላ ከጸሐፊው ሻይ ቤን አታር ጋር «ነብሱ» የተባለውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፈጠሩ። በ2017 ታየ። ጊሊ የተባለ የእኛ ልጅና ታማር የተባለች አሽከናዚት ሚስቱ፣ ከሁለቱም ወገን ቤተሰቦች ጋር የሚገጥማቸውን ያሳያል። ጊሊን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ዮሲ ነው። በኅዳር 2018 ኒው ዮርክ ላይ በዓለም አቀፉ የኤሚ ሽልማት የኮሜዲውን ዘርፍ አሸነፈ። ከቋንቋችን የተወሰደ ስም ያለው ሥራ በዓለም መድረክ ተጠራ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ወላጆቻችንም ይሳቅባቸዋል፤ የሚስትየው ወላጆችም ይሳቅባቸዋል። ቅር ያለው ሰው ነበር፣ ይኖራልም። ልዩነቱ ግን ብዕሩ በማን እጅ እንደነበር ነው። ያቺ ልጅ የሰው ቀልድ ተሸካሚ ነበረች፤ ጊሊ ግን የራሱን ቀልድ የሚያወራ ሰው ነው። ስለዚህ በቴሌቪዥን የእኛን ሰው አይተን ከመቆጣታችን በፊት የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ማን ጻፈው?» መሆን አለበት።

አሁን ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሆነ እንናገር። ብዙ ወላጅ «ልጄ ይቀልዳል እንጂ ምን ይሠራል?» ሲል እንሰማለንና።

ቀልድ እንደ ሽመና ነው፤ ሲያዩት ቀላል፣ ሲሠሩት ግን ድርና ማጉ ብዙ ነው። አንድ ወጣት መጀመሪያ አምስት ደቂቃ የሚሆን ጽሑፍ ይዞ ለጀማሪዎች ክፍት በሆነ መድረክ ይቆማል፤ በቴል አቪብ እንዲህ ያሉ ምሽቶች አሉ። ገንዘብ አይከፈለውም። ከአሥር ቀልዱ ዘጠኙ ይወድቃል። የወደቀውን ይጥላል፣ የቀረውን ያሾለዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ሌላው መንገድ ትምህርት ቤት ነው፤ በራማት ጋን ቤት ጽቪ፣ በቴል አቪብ የኒሳን ናቲቭ የተዋናይነት ትምህርት ቤት፣ በኢየሩሳሌም ሳም ሽፒገል የፊልም ትምህርት ቤት፣ በስዴሮት ሳፒር ኮሌጅ አሉ። ከዚያ በኋላ የጸሐፊዎች ክፍል የሚባለው ይመጣል። የቴሌቪዥን ኮሜዲ የሚሠራው እዚያ ነው። ጥቂት ሰዎች ለወራት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዷን ሁኔታ ይገነባሉ። የእኛ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሌለ ካሜራ ፊት መታየቱ ብቻውን ብዙም አይጠቅመንም።

ክፍያውም እንደ መሥሪያ ቤት ደመወዝ አይደለም። ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ በቀረጻ ቀን ይከፈለዋል፤ ቀረጻው ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል። ሁለተኛው ዙር ይሠራ አይሠራ የሚወስነው ጣቢያው ነው። ደረሰኝ እየሰጠ እንደ ዓጽማኢ የሚሠራ ሰው ሥራ ሲያጣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የሥራ አጥነት አበል አያገኝም። ስለዚህ ልጃችሁ በቴሌቪዥን ታይቶ በማግስቱ ምግብ ቤት ሳህን ሲያነሣ ብታዩት ወደቀ አትበሉ፤ ሙያው እንዲህ ነው። እንዲያውም ሁለተኛ ሥራ መያዝ ብልህነት ነው፤ የኪራይ ጭንቀት ሲቀንስ የመድረክ ጭንቀትም ይቀንሳልና። ውል ሳይነበብ አይፈረም። የተዋናዮች ማኅበር ሻሃም አለ፤ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎችም ማኅበር አላቸው። ልጆቻችሁ አባል እንዲሆኑ ንገሯቸው።

ይህ ሁሉ ለማንም ቀልደኛ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ የሚያስጨንቅ ነው። በየቀኑ «አልፈለግንህም» የሚባልበት ሙያ ነው። ለእኛ ልጆች ግን ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። አሽከናዚው ወጣት ቀልዱ ከወደቀ የወደቀው እሱ ብቻ ነው። የእኛ ልጅ ቀልዱ ከወደቀ «ኢትዮጵያውያን ማሳቅ አይችሉም» ይባላል። ካሳቀ ደግሞ ከወገኑ በኩል «በእኛ ላይ አሳቀ» ይባላል። ጣቢያው በአንድ በኩል ይጎትተዋል፣ እኛ በሌላ በኩል እንጎትተዋለን፤ መሃል ላይ ያለው የሰው ልጅ ነው።

ይህን የሚያስረዳ የታወቀ ታሪክ ከአሜሪካ አለ። ዴቭ ሻፔል የሚባለው ጥቁር ኮሜዲያን በ14 ዓመቱ በዋሽንግተን የቀልድ ቤቶች ሲጀምር እናቱ አብራው ትሄድ ነበር። በ2003 የጀመረው የቴሌቪዥን ትርዒቱ እጅግ ተወደደ፤ ለቀጣይ ሥራ የተሰጠው ውል 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። በ2005 ግን ሦስተኛውን ዙር እየቀረጸ ሳለ ሁሉን ጥሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ወሬኛው አብዷል አለ። በ2006 ለኦፕራ ዊንፍሬይ ሲያስረዳ ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር፤ በጥቁሮች ላይ የሚቀልድ አንድ ክፍል ሲቀረጽ አንድ ነጭ ሰው የሳቀው ሳቅ ደስ አላለውም። ያ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚስቀው ወይስ በእኔ ላይ ብሎ ተጠራጠረ። ሻፔል ከዚያ ወዲህ ስለ አይሁድ የተናገረው ነገር ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ እኛም ሁሉን የተናገረውን አንደግፍም። የ2005ቱ ታሪክ ግን ትምህርት አለው። ገንዘቡና ዝናው ያንን ሰው ከጭንቀት አላዳኑትም። የእኛ ልጅ ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር ሳይኖራት ነው ያንኑ ሳቅ የሰማችው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለምን? እኛ የመላውን ቤተ እስራኤል ክብር፣ የሱዳንን መንገድ፣ የ1996ቱን የደም ጉዳይ፣ የ2015ቱንና የ2019ኙን ሰልፍ ጠቅልለን በአንዲት ወጣት ትከሻ ላይ አስቀምጠን «አሁን አስቂን፤ ግን እንዳታዋርጂን» እንላለን። ይህን ተሸክሞ ማን ይስቃል?

ስለ ጭንቀቱ ራሱም በግልጽ እንነጋገር። በእኛ ባህል የሆድን በሆድ መያዝ ጨዋነት ነው። ይህ ጠባይ በረሃውን እንድናልፍ ረድቶናል፤ አንንቀውም። ነገር ግን እዚህ አገር ሐኪም ፊት ቀርበን «ሆዴ ተረበሸ፣ ሆዴ ባባ» ስንል ሐኪሙ የሚሰማው ጨጓራን ነው። በቋንቋችን ሆድ የሐሳብም የምስጢርም ማደሪያ እንደሆነ አያውቅም። የዚያች ልጅ ሆድ ሲመረመር የከረመው በዚህ ምክንያት ነው።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ የሚነቃ ዘበኛ አለው። ሲነቃ አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይለቃል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ላብ ይመጣል፣ የሆድ ሥራ ይስተጓጎላል። ከጅብ ለማምለጥ ይህ ጥሩ ነው። ዘበኛው ግን ጅብ መጣ ወይስ ካሜራ በራ ብሎ አይለይም። መጠነኛ ፍርሃት ሰውን ንቁ ያደርጋል፤ አንጋፋ ተዋናዮችም ይፈራሉ። ሲበዛ ግን ምላስ ያስራል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ድንገት የሚመጣው ኃይለኛ ድንጋጤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ደርሶ ይወርዳል፤ የሚያስፈራ ነው እንጂ አይገድልም። የደረት ሕመም ሲኖር ግን መጀመሪያ ሐኪም ማየት ግዴታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከፍርሃት የሸሸ ሰው ለዚያች ሰዓት ዕረፍት ያገኛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ፍርሃቱ ጨምሮ ይጠብቀዋል። ያቺ ልጅ ከመኪናዋ ሳትወርድ ስትመለስ እፎይ አለች፤ ሁለተኛው ኦዲሽን ሲመጣ ግን ከቤቷም መውጣት አቃታት። ስለዚህ በሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ሕክምና ሰውን በአንድ ጊዜ ወደ ጥልቅ ውኃ የሚወረውር አይደለም፤ በትንንሽ እርምጃ ወደሚፈራው ነገር ያስጠጋዋል፤ በልቡ የሚመላለሰውን ክፉ ሐሳብም እንዲመረምር ያስተምረዋል።

እኛ በመምህራን ሥልጠና የምንሠራ ሰዎች ይህን ከሥራችን እናውቀዋለን። አዲስ መምህር ለመጀመሪያ ጊዜ 30 ልጆች ፊት ሲቆም ጠመኔው በእጁ ይንቀጠቀጣል። የሠለጠነ አሠራር ስላለ ግን ብቻውን አንጥለውም። መጀመሪያ ኋላ ተቀምጦ የሌላውን ትምህርት ያያል፤ ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ያስተምራል፤ ከዚያ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይይዛል። ሲጨርስም አሠልጣኙ አጠገቡ ተቀምጦ «የቱ ላይ ከበደህ?» ይለዋል። ከእኛ መካከል በመምህራን ክፍል ውስጥ ብቸኛው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሠራ ሰውም ያቺን ልጅ በደንብ ይረዳታል። አንድ የእኛ ተማሪ ሲያጠፋ ሁሉም ዓይን ወደ እሱ ይዞራል። ቢቆጣ «ስሜታዊ ነው» ይባላል፤ ዝም ቢል «ጨዋ ናቸው፣ ጸጥተኞች ናቸው» ይባላል። ሁለተኛ ሰው ከእኛ ወገን ሲቀጠር የሚሰማንን ዕረፍት በቃል ልንገልጸው አንችልም። ድምፃችንን ከፍ አድርገን የተሳሳትነው ያን ጊዜ ነው፤ መሳሳትም የራሳችን ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለወላጆች። ልጃችሁ ይህን ሙያ ከመረጠ ሥራ እንደሆነ ቁጠሩለት። «እውነተኛ ሥራ መቼ ትይዛለህ?» ማለቱን ትታችሁ «ዛሬ የትኛው ቀልድ ያዘልህ?» በሉት። ዕብራይስጡ ባይገባችሁም አንድ ቀን ሄዳችሁ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። የሻፔል እናት ያደረገችው ይኸው ነው። «እንዳታዋርደን» የምትለዋን ቃል ግን ከቤታችሁ አውጧት። ቅር ካላችሁ በሠርግ መሃል አትናገሩ፤ ለብቻ ጠርታችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከዚያ ንገሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕመሙ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»። ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ሥራ በቀረበ ቁጥር ሆዱን የሚያመው ከሆነ ሆዱን ብቻ አታስመርምሩ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና የሚሰጠው በኩፓት ሆሊም በኩል ነው፤ እንደ ማንኛውም ሕክምና መብታችሁ ነው። የቤተሰብ ሐኪሙን «ጭንቀት ነው» ብላችሁ በዚሁ ቃል ንገሩት። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ የሄደ ሰው እብድ አይደለም፤ የታመመ ጥርስ ወደ ጥርስ ሐኪም እንደሚሄድ ነው። ወረፋው ሊረዝም ይችላልና ሳይባባስ ተመዝገቡ። ሌሊት የከፋው ሰው በ1201 ኤራንን መደወል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለወጣቶቹ። ፍርሃቱን በመጠጥ ወይም በጫት ለማባረር አትሞክሩ፤ ለአንድ ምሽት የተበደራችሁትን ድፍረት በማግስቱ ከነወለዱ ይቀበላችኋል። ቡናም ልብን ያስደልቃል፤ በቀረጻ ቀን አቦሉ ይበቃችኋል፣ ቶናውና በረካው ይቅር። የቡናውን ጨዋታ ግን አትተዉ፤ እዚያ የሆዳችሁን ተናገሩ። ትንፋሻችሁን ስታወጡ ከምታስገቡበት ጊዜ አስረዝሙት፤ ዘበኛውን ያረጋጋዋል። ጽሑፋችሁን አስቀድማችሁ በአንድ ወዳጅ ፊት አሰሙ። ወደ ኦዲሽን ስትሄዱ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። «ዕብራይስጥሽን ስበሪ» ስትባሉ ደግሞ «ይህች ሴት ማን ናት? የት ተወለደች? ለምን እንዲህ ትናገራለች?» ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ይህ የተዋናይ ጥያቄ ነው፤ ክብራችሁንም ሥራችሁንም ይጠብቃል። ጻፉ! ብዕሩ በእጃችሁ ሲሆን ፍርሃቱም የሚይዘው ቦታ ያንሳል።

አራተኛ፣ ለጣቢያዎችና ለአዘጋጆች። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ብቻ አትቅጠሩ። አንድ ሰው የሕዝብ ወኪል ይሆንባችኋል፤ ሦስት ሰዎች ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ከካሜራው ፊት ከማቆማችሁ በፊት በጸሐፊዎች ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧቸው። እኛ በመምህራን ዘንድ እንደምናደርገው አዲስ ለገባ ሰው አጠገቡ የሚሆን አንጋፋ መድቡለት።

አምስተኛ፣ ለራሳችን። ከእንግዲህ ስለ አንድ ትርዒት የተቃውሞ ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት በውስጡ ያለውን ልጃችንን እንጠይቃለን። ተቃውሞአችንን አንተውም፤ መሳለቂያ መሆንን ዝም ብለን አናይም። ነገር ግን ደብዳቤያችን የሚያነጣጥረው በጻፈውና በፈቀደው ሰው ላይ እንጂ እንጀራ ፍለጋ በገባችው ልጅ ላይ አይሆንም።

ያቺ ልጅ ዛሬ የት ናት ትሉን ይሆናል። በኩፓት ሆሊም በኩል ሕክምናዋን እየተከታተለች ነው። መጀመሪያ ኦዲሽኑ ወደሚሰጥበት ሕንጻ ደጃፍ ድረስ ብቻ ሄዳ ተመለሰች፤ በሌላ ቀን እስከ መጠበቂያው ክፍል ገባች። ባለፈው ክረምት በአንድ ትንሽ መድረክ ለአምስት ደቂቃ ቆመች። እኛም ሄደን ከኋላ ተቀመጥን። የአያቷን አነጋገር እንደገና አመጣችው፤ በዚህ ጊዜ ግን ጽሑፉ የራሷ ነበር። አያትየው በስልክ ከባንክ ሠራተኛ ጋር ይከራከራሉ፤ በተሰበረ ዕብራይስጥ እያወሩ ሠራተኛውን እያምታቱ የዘገየበትን ቅጣት ያሰርዙታል። ሰዉ የሳቀው በባንኩ ነው። አያቷ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አየናቸው።

ትርዒቱ ሲያልቅ ስለዚያ ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቅናት። እጇ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። «ፍርሃቱ አልለቀቀኝም» አለችን፤ «ብቻ አሁን ከእኔ ጋር መድረክ ይወጣል እንጂ መኪና ውስጥ አያስቀረኝም»።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ሎሚውን እንካፈለው። ጥርስ ባዳ ቢሆንም ቤተሰብ ባዳ አይደለምና ከሳቁ በስተኋላ ያለውን ልጃችንን እንጠይቅ። ቸር ወሬ ያሰማን።